አንዴ ብቻ የተጠየቀው ጉብታ

ፈረንጅ አገር፣ ካሩዥ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ትራሙ እያቃሰተ ወደ አደባባዩ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ፣ ከአንዲት የጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ፣ እንድሪያስ የሚባል ሰው ይኖራል። ባርኔጣውን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚሄድ፣ ለጡረታ ጥቂት የቀረው፣ ረጋ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሲያዩት ደህና ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም የማያውቀው በሽታ አለበት፤ ነገርን ደረቁን አድርጎ ማቅረብ አይሆንለትም። ዳቦ ግዛ ቢባል ዳቦውን ረስቶ ለዳቦው ሁለት ስንኝ ቋጥሮ ይመለሳል። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ያንጎራጉራል፤ ምንጣፉ ይርሳል፤ ሚስቱ ዮሐና ትጮሃለች፤ እሱ ጩኸቷንም በዜማው ውስጥ ያስገባዋል።

ይህ በሽታ በዳቦ ቤት ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። የእንድሪያስ እንጀራ ግን አስተርጓሚነት ሆነ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀርባ፣ «ጥርሴን አሞኛል» አለች። እንድሪያስ በፈረንሳይኛ፣ «ሌሊቱ ረዘመብኝ፤ አገር ሁሉ ተኝቶ እኔና ጥርሴ ብቻ እንጨዋወታለን» ብሎ አቀረበላት። ሐኪሙ መንቀያውን አስቀምጦ ልጅቱን ወደ አእምሮ ሐኪም ላካት። ሌላ ቀን አንድ ሰውዬ ለአከራዩ፣ «ቧንቧው ያፈሳል» ቢል፣ እንድሪያስ፣ «በቤታችን ውስጥ ወንዝ ተወለደ» አለና የእሳት አደጋ መኪና ደወሉን እያሰማ መጣ። በዚህ ጊዜ የአስተርጓሚ ድርጅቱ ኃላፊ ማዳም ቢሮዋ አስጠራችው።

«መሲዩ እንድሪያስ» አለችው መነጽሯን አውልቃ፣ «ከእንግዲህ የተባለውን ብቻ። አንዲት ቃል አይጨምሩ፣ አንዲት ቃል አይቀንሱ። ያለዚያ እንለያያለን።»

እንድሪያስ አንገቱን ደፍቶ ቃል ገባ። ማታ ለዮሐና ሲነግራት፣ «አይዞህ፣ እኔ ላይ ጨምርብኝ፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለችው።

በዚያው ሰሞን ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት የስብሰባ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሥራ ተገኘለት። ሥራውም እንዲህ ነው። አንድ የዙሪክ የእንጨት ኩባንያ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፣ ዝናብ በማይጠግበው ጫካ ውስጥ፣ እንጨት ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቋል። ብቻህን አትቆርጥም ተባለ። ከጫካው ሰዎች ጋር፣ ማለትም ከቅድመ አያት ጀምሮ ዛፉ ላይ ቀፎ ሰቅለው፣ ከዛፉ ሥር ኮረሪማ ለቅመው ከኖሩት ጋር ተቀምጠህ፣ የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚተከል፣ የትኛው ደግሞ መጥረቢያ ሳያየው እንደሚኖር አብራችሁ ካርታ ላይ ወስኑ ተባለ።

ከጫካው ወገን ሁለት ሰዎች መጡ። አቶ ከፈለ ቀፎ ሰቃይ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም ግዙፍ ዛፍ ላይ በገመድ ሲወጡ ዝንጀሮ የሚያሳፍሩ፣ መሬት ላይ ሲሆኑ ግን ቀስ ብለው የሚረግጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። ወይዘሮ ብፅዓት ደግሞ የኮረሪማ ለቃሚ ሴቶች ማኅበር መሪ ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ካሰሩ ማንም ፊታቸው አይቆምም። ከኩባንያው ወገን የመጣው ኸር ኤግሊ፣ በእኛ አቶ ኤግሊ፣ ነው። ቁመቱ ዝግባ ያክላል፤ የደን ባለሙያ ነው፤ ፈረንሳይኛውን በዙሪክ ዜማ ይናገራል። በየመንገዱ ቆሞ የዛፍ ግንድ መታ መታ የሚያደርግ፣ ሰው ካላየው ደግሞ «እንዴት አደርክ» የሚል ዓይነት ሰው ነው። እንድሪያስ ገና ሲያየው ወደደው። ይህም ሰው አንዳች በሽታ አለበት ብሎ አሰበ።

ካርታው እንደ ምንጣፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቀይ ስፒል የተተከለበት ቦታ አይነካም፤ ሰማያዊ ስፒል የተተከለበትን ኩባንያው ተራ በተራ እየቆረጠ፣ መልሶ እየተከለ ይጠቀምበታል። ክርክሩ ሲጀመር አቶ ከፈለ እንደ አንበሳ ሆኑ። የሌላው መንደር ምንጭ ሲነሳ ጠረጴዛውን መቱ። የጎረቤታቸው ቀፎ የተሰቀለበት ቢሳና ሲነሳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ወይዘሮ ብፅዓትም ስለ ወንዙ ዳር ሴቶች ሲናገሩ የኩባንያው ሰው ብዕሩን ጣለ። እንድሪያስም እሳቱን እንደ እሳት፣ ውሃውን እንደ ውሃ አድርጎ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰ። ቀይ ስፒሉ በካርታው ላይ እንደ በርበሬ በዛ።

በመጨረሻ አንዲት ጉብታ ቀረች። ቦኔ ትባላለች። ከጉም በላይ አንገቷን የምታወጣ፣ ዛፎቿ በየካቲት ሲያብቡ ንቡ እንደ ሩቅ መዝሙር የሚሰማባት ጉብታ ናት። የአገሬው የንብ መንጋ ሁሉ የሚፈልሰው ከእሷ ነው ይባላል። የጉብታዋም ትልልቅ ዛፎች የአቶ ከፈለ ናቸው፤ አባታቸው ቀፎ የሰቀሉባቸው፣ አያታቸው ለአባታቸው ያወረሷቸው።

ኸር ኤግሊ ካርታው ላይ ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለ። «ይህቺኛዋስ፣ መሲዩ ከፈለ? ለእናንተ እንተዋት ወይስ ኩባንያው ይጠቀምባት?»

ስለ ጎረቤት ዛፍ ጠረጴዛ የመቱት ሰው፣ ስለ ራሳቸው ዛፍ ሲጠየቁ እንደ ሙሽራ አፈሩ። ይሉኝታ ያዛቸው። ሆቴል አስገብቷቸዋል፤ ምግብ አብልቷቸዋል፤ ለልጅ ልጆቻቸው ቸኮሌት ሰጥቷቸዋል። ይህን ሁሉ ካደረገ ሰው ፊት «የእኔ ናት፣ አምጣ!» ይባላል? በመጀመሪያው ጥያቄ? እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ በለስላሳ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ኧረ ግድ የለም። ምንም አይደል። እናንተው ተጠቀሙበት።»

እንድሪያስን የሆነ ነገር ልቡን ቧጠጠው። ያ እጅ፣ ያ አንገት፣ ያ ድምፅ የሚያውቀው ነገር ነው። አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የማዳም መነጽር ፊቱ ላይ ብልጭ አለበትና ዋጠው።

«ግድ የለም ይላሉ» አለ በፈረንሳይኛ። «ምንም አይደል፣ እናንተ ተጠቀሙበት ይላሉ።»

ኸር ኤግሊ በግራ እጁ የነበረውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የአቶ ከፈለን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገናቸው፤ ሰማያዊ ስፒል አነሳ፤ ቦኔ አናት ላይ ተከለ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። «በሉ ምሳ!» ተባለ።

አቶ ከፈለ ግን እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለች ቀረች። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንድሪያስና ሁለቱ እንግዶች አውቶቡስ ሲጠብቁ ከላያቸው አውሮፕላን እያጉረመረመ አለፈ። አቶ ከፈለ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ «ያ ረጅሙ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምነው?» አለ እንድሪያስ።

«አንዴ ጠየቀኝና ዝም አለ።»

«ታዲያ መለሱለት እኮ።»

«ምን መለስኩለት? ገና ሁለተኛውን ሳይጠይቀኝ ምሳ ሄደ!»

ወይዘሮ ብፅዓት ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እኔ እኮ ሁለተኛውን ሲጠይቅ ልጎስምዎ ክርኔን አዘጋጅቼ ነበር። ክርኔ እንደተዘጋጀ ቀረ!»

የእንድሪያስን ልብ የቧጠጠችው ነገር ምን እንደነበረች አሁን ፍንትው አለችለት። አቶ ከፈለ ስጡኝ ነበር ያሉት፤ እሱ ውሰዱት ብሎ አደረሰላቸው። «አሁኑኑ ተመልሼ ልንገረው!» አለ ባርኔጣውን ይዞ።

«እንዳያደርጉት!» አቶ ከፈለ ክንዱን ያዙት። «ሰው ፊት ሰጥቼ፣ ጨብጬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ መልሱልኝ ልበል? ከፈለ ሰጥቶ ነሳ ይባል? በሉ ይማሉልኝ። አንድም ነገር ላይነግሩት።»

«ጉብታውስ?»

«ጉብታውማ...» አሉና ዞር አሉ። አውቶቡሱ ቢመጣም አልሳፈር አሉ። «አባቴ ሲሞት፣ ንቦቹ ቀፎው አፍ ላይ ወጥተው ሦስት ቀን ዝም ብለው ተንጠልጥለው ነበር። ሄጄ ሞቷል ብዬ ስነግራቸው ነው የገቡ። አሁን ደግሞ ሄጄ ምን እላቸዋለሁ? አንድ ሰው አንዴ ጠየቀኝና አፈርኩ?»

እንድሪያስ ማለላቸው፤ አለቀሰም። ወደ ካሩዥ የሚወስደው ትራም ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩ ሳያዝዘው ይህን ቋጠረ፦

ቀፎው ከፍ ብሎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣
ማሩን ሰጡት አሉ ግድ የለም ተብሎ።

አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ መሐረብ ሰጠችው።

ዮሐና ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ ወገቧን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰውዬ! ዕድሜህን ሙሉ ያለ ቦታው ስትጨምር ኖረህ፣ መጨመር በሚገባህ ቀን ከንፈርህን ሰፋህ?»

«ማዳም...»

«ማዳምን ተዋት! ፊርማው የት ነው?»

«ነገ ዙሪክ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«እህትህስ የት ነው ያለችው?»

«ሽሊረን፣ ዙሪክ አጠገብ።»

«አየህ?» አለች ዮሐና። «ሰውዬውን ከፊርማው በፊት ሸዋረጋ ቤት ምሳ ጥራው። እሷን ታውቃታለህ፤ አልበላም ያለ ሰው ሳይበላ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ብላ ትለዋለች፣ አይ ይላል። ደግማ ትለምነዋለች፣ አይ ይላል። በሦስተኛው ይበላል። ያን ጊዜ እኛ አገር እንዲህ ነው ብለህ ስለ ምግብ ብቻ ታወራለህ። ደንቆሮ ካልሆነ ጉብታው ራሱ ይታየዋል። መሐላህንም አላፈረስክ።»

እንድሪያስ የሚስቱን እጅ ሳመ። በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ላይ ኸር ኤግሊን ሲያገኘው ሦስት ልመና አዘጋጅቶ ነበር፤ የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ለስለስ ያለ፣ ሦስተኛው ድንጋይ የሚያስለቅስ። «ኸር ኤግሊ፣ ከፊርማው በፊት እህቴ ቤት ምሳ...» ብሎ ሲጀምር፣

«በደስታ! ስንት ሰዓት?» አለ ኸር ኤግሊ።

ሁለቱ ልመናዎች እንድሪያስ አፍ ውስጥ ቀሩ። እስከ ሎዛን ድረስ ሊውጣቸው አልቻለም።

ባቡሩ ሐይቁን ትቶ በሜዳና በደን መካከል ይበር ጀመር። ውጪው የመከር ወርቅ ለብሷል፤ ቅጠሉ ሁሉ እየነደደ እንጂ እየረገፈ አይመስልም። እንድሪያስ መስኮቱ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ያንጎራጉራል። ወይዘሮ ብፅዓት ግን በጥርጣሬ ያያሉ። «እነዚህ ዛፎች ለምንድን ነው የተሰለፉት? ማን ተቆጥቷቸው ነው?» አሉ። አቶ ከፈለ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሆዳቸው ውስጥ ጉብታ ተቀምጦባቸዋል።

የሸዋረጋ ቤት ሽሊረን ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ የባቡሩ ድምፅ በሚሰማበት ሕንፃ ላይ ነው። ሸዋረጋ የእንድሪያስ ታናሽ ናት፤ በሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ስለኖረች የዙሪክን ጀርመንኛ እንደ ተወላጅ ትቆጣበታለች። ምሳውን አሰናድታለች፤ ዶሮውን ከነዕንቁላሉ፣ አልጫውን፣ ጎመኑን፣ አይቡን። በወንድሟ ጆሮ፣ «ጋሽዬ፣ ሦስቴ ነው አይደል እንዲያ የምለምነው?» አለችው።

«ሦስቴ። አይ ሲልሽ እንዳትሰሚው።»

«እኔ? እኔ ነኝ አይ የምሰማ?»

ኸር ኤግሊ ቢሮው ጎራ ብሎ፣ በተባለው ደቂቃ ደረሰ፤ በእጁም በሸክላ የተተከለች ሕፃን ጥድ ይዟል። ሸዋረጋ ጥዷን ተቀብላ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችና እንግዳዋን መሶቡ አጠገብ አስቀመጠችው። ጭልፋውን አነሳች።

«ላውጣልህ?»

«ያ፣ ጌርን!» አለ ኸር ኤግሊ። አዎን፣ በደስታ ማለቱ ነው።

ሸዋረጋ ወንድሟን አየችው። እንድሪያስ፣ ቀጥይ፣ በሚል ዓይን መለሰላት።

«ልጨምርልህ?»

«ያ፣ ጌርን!»

«ከአልጫውስ?»

«ጌርን፣ ጌርን!»

ከእንጀራው? ጌርን። ከአይቡ? ጌርን። ዮሐና ያቀደችው ዕቅድ በዶሮ ወጥ ውስጥ ሰጠመ። ሰውዬው የጫካ ሰው ነው፤ ሲርበው ይበላል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። እንድሪያስ አንድ «አይ» ከአፉ እንዲወጣ ወደ ሰማይ ለመነ። አንዲት እንኳ አልወጣችም። ሸዋረጋም ተስፋ ቆርጣ የቀረውን ሥጋ ልታሞቅ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እሷ እንደገባች ኸር ኤግሊ ብቻውን እንደሚበላ ተገነዘበና አፈረ። ጨዋ ሰው ነው። ጭልፋውን አንስቶ፣ ዕንቁላል አወጣበትና ወደ አቶ ከፈለ ዘረጋ። «መሲዩ ከፈለ፣ ይፈልጋሉ?»

አቶ ከፈለ ዕንቁላሉን በናፍቆት አዩት። «ኧረ በቃኝ። እሱ ይብላ።»

«በቃኝ ይላሉ» አለ እንድሪያስ። ልማድ ክፉ ነው። «እርስዎ ይብሉ ይላሉ።»

ኸር ኤግሊ በላው። ጭልፋውን ወደ ወይዘሮ ብፅዓት አዞረ። ወይዘሮ ብፅዓት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ኧረ እኔስ ጠግቤያለሁ» አሉ። እሱንም በላው። ከአልጫው ጠየቃቸው፤ አይ አሉት፤ በላ። ከጎመኑ ጠየቃቸው፤ አይ አሉት፤ እያዘነ በላ። ሸዋረጋ ሥጋውን ይዛ ስትመለስ መሶቡ በኸር ኤግሊ በኩል ሜዳ ሆኗል፤ በእንግዶቹ በኩል እንጀራው እንዳለ፣ ወጥ የሚባል ነገር ሳይነካው ተዘርግቷል።

«በላችሁ?» አለች በአማርኛ።

«ጠገብን፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

በዚያች ቅጽበት የአቶ ከፈለ ሆድ ጮኸ። ተራ ጩኸት አይደለም፤ ከሩቅ ተነስቶ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ተንከባሎ፣ እደጃፍ ላይ የሚፈነዳ የክረምት ነጎድጓድ ነው። ኸር ኤግሊ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ዝናብ የመጣ መስሎታል።

ሸዋረጋ ሥጋውን አስቀመጠችና በዙሪክ ጀርመንኛ ጀመረች። «የእንግዶቼን ዕንቁላል ማን በላው?»

«እኔ» አለ ኸር ኤግሊ ቀጥ ብሎ። «ግን ጠይቄያቸዋለሁ። አንፈልግም አሉ።»

«ስንቴ ጠየቅካቸው?»

«አንዴ።»

«አንዴ!» ጭልፋውን ከእጁ ነጠቀችው። «አንዴማ አላፊ አግዳሚም ይጠየቃል! ሰው ሦስቴ ነው የሚጠየቀው! በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው እኮ ስግብግብ...» ብላ ሳትጨርሰው በሰውየው በኩል ባዶ የቀረውን መሶብ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተን አይደለም። አንተ ፈረንጅ ነህ፤ ይፈቀድልሃል።»

ኸር ኤግሊ ጣቶቹን በናፕኪን ጠረገ። በጣም በዝግታ ነበር የሚጠርገው። «ታዲያ የመጀመሪያው አይ ምን ማለት ነው?»

«ሰላምታ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«አስተዳደግ ነው።»

«ሦስተኛው?»

«እዚያ ድረስ ከመጣህ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ» አለች ሸዋረጋ፣ ለአቶ ከፈለ በሳህን ዳጎስ ያለ ሥጋ እያወጣች፤ እሳቸውም፣ «ኧረ በዛ፣ ኧረ ተይ» እያሉ ሳህኑን ወደ እሷ እያስጠጉ።

ያቺን ሳህን ኸር ኤግሊ አያት። የአቶ ከፈለ አፍ በዛ ይላል፤ እጃቸው ሳህኑን ያስጠጋል። ወደ እንድሪያስ ዞሮ በፈረንሳይኛ፣ «ጉብታው!» አለ። «ጉብታውን አንዴ ነው የጠየቅኋቸው!»

እንድሪያስ ምላሱን ነክሶ ጣራውን አየ። ምሏላ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ አቶ ከፈለ በጉርሻ መሐል። «ስለ ዕንቁላሉ ከሆነ ይተወው በሉት።»

«ስለ ጉብታው ነው» አለ እንድሪያስ።

ጉርሻው መንገድ ላይ ቆመ።

ኸር ኤግሊ ከወንበሩ ተነስቶ መዞር ጀመረ፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የሚዞረው በራሱ ዙሪያ ነበር። «እኔ እኮ ጉብታውን አልፈለግሁትም! ገደል ነው! የእንጨት መኪና አይወጣውም! ስጠይቃቸው ቀይ ስፒል በግራ እጄ ይዤ ነበር። ውሰዱት ሲሉኝ ግን፣ ሽማግሌ ሰው ደረቱን ይዞ የአባቱን መሬት ሲሰጠኝ፣ እምቢ ማለት አፈርኩ። ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ ምን አድርጌበት እሞታለሁ ስል አደርኩ!»

እንድሪያስ ይህን ተረጎመ። የወይዘሮ ብፅዓት ትከሻ መነቃነቅ ጀመረ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ሁለት ጨዋ ተገናኝቶ አገር ሊያጠፋ!» አሉ። «አንዱ አፍሮ ሰጠ፣ አንዱ አፍሮ ተቀበለ!»

አቶ ከፈለ አልሳቁም። «ታዲያ ተመለሰልኝ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ።

ኸር ኤግሊ ሰዓቱን አየ። ካርታው ቢሮ ነው፤ ሰማያዊው ስፒል ላዩ ላይ ነው፤ የኩባንያው አለቆች ቃለ ጉባኤውን ይዘው ይጠብቃሉ። የጉብታው ጉዳይ የሚቀየረው በእነሱ ፊት እንደገና ሲጠየቅና ሲመለስ ብቻ ነው። «እጠይቃቸዋለሁ» አለ። «እሺ ይበሉኝ ብቻ።»

«ሰው ፊት?» አሉ አቶ ከፈለ።

«ሰው ፊት።»

«እሺ ልበል?»

«እሺ ይበሉ!» አሉ አራቱም በሦስት ቋንቋ። አቶ ከፈለ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ባቡሩ ላይ ሲቆሙ፣ ዙሪክ ጣቢያ ሲወርዱ፣ በየመንገዱ ከንፈራቸው «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። ሸዋረጋም አብራ መጣች፤ እኔ ካልኖርኩ ይበላሻል ብላ።

የኩባንያው ክፍል ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። አለቆቹ ጥቁር ለብሰው ተደርድረዋል፤ አንዲት ነገረ ፈጅም ከጥግ ተቀምጣለች። ኸር ኤግሊ ካርታው ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከመፈረማችን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። መሲዩ ከፈለ፣ የቦኔን ጉብታ ለእናንተ እንተወው?»

እንድሪያስ ተረጎመ። አቶ ከፈለ ተነሱ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሁሉ የባቡር ልምምድ ጉሮሯቸው ላይ ደረሰና እጃቸው በራሷ ጊዜ ደረታቸው ላይ ወጣች።

«ኧረ... ግድ የለም።»

የወይዘሮ ብፅዓት ክርን ጎናቸው ላይ አረፈ። እንድሪያስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ግድ የለም ይላሉ» አለ። አለቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብዕር ተነሳ።

«ቆይ!» አለ ኸር ኤግሊ። «ሁለተኛ እጠይቃለሁ። እንተወው?»

«ምን አስቸገራችሁ...» አሉ አቶ ከፈለ፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ። «እናንተም ሥራ አላችሁ...»

አንደኛው አለቃ ለጎረቤቱ፣ ሰውዬው አልፈልግም እያለ ነው፣ ምን ያደርቀዋል፣ አለ። እንድሪያስ ሰማው። ከዚህ በኋላ የቀረችው አንዲት ናት።

ኸር ኤግሊ ወደ ሸዋረጋ አየ። ሸዋረጋ ከበሩ አጠገብ ሆና ባቡር ላይ ያስጠናችውን ቃል በከንፈሯ ሠራችለት። ረጅሙ ሰው ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፤ አቶ ከፈለ ፊት ቆመ፤ ዝግባ የሚያክለውን ቁመቱን አጥፎ፣ ትልቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በአማርኛ፣

«በሞቴ!» አለ።

አቶ ከፈለ እንደ ተወጋ ሰው ደነገጡ። «ኧረ ለጠላትዎ ያድርገው! ይማሉብኝ? እንግዲህ እስከዚህ ከመጡ ምን አደርጋለሁ... እሺ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ!»

«እሺ ይላሉ!» ብሎ ጮኸ እንድሪያስ። «አራት ጊዜ!»

ነገረ ፈጇ እጇን አወጣች። ኸር ኤግሊ ምን እንዳለ መጠየቅ ፈለገች። እንድሪያስ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ በሞቴ ነው ያለው፣ አለ። ነገረ ፈጇ ሞቱ በኩባንያው መድን ይሸፈን እንደሆነ ለማጣራት ስልክ ልትደውል ወጣች። እሷ እስክትመለስ ኸር ኤግሊ ሰማያዊውን ስፒል ነቅሎ ቀዩን ለአቶ ከፈለ ሰጣቸው። አቶ ከፈለ ራሳቸው ተከሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ ካርታው አስጠግተው፣ ቀፎ እንደሚያዳምጥ ሰው ትንሽ ቆዩ። እንድሪያስ ንቡ የተሰማው መሰለው፤ ዕንባውን በባርኔጣው ጠረገ።

እዚህ ላይ ተፈርሞ ቢያበቃ መልካም ነበር። ኸር ኤግሊ ግን ሞቅ ብሎታል። ዕድሜ ልኩን ከሰዎች ጋር ሲስማማ የኖረው በወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቶ አያውቅም። ዓይኑ ካርታው ላይ ሲዞር ከመንገዱ በታች ያለውን የጥድ ተከላ አገኘ፤ የጠወለገ፣ ዳገታማ፣ አራሙቻ የወረረው ቦታ ነው።

«ይህንንም ለእናንተ እንተወው?» አለ ዓይኑ እየበራ።

«አንፈልግም» አሉ አቶ ከፈለ። ከልባቸው ነው።

«አንፈልግም ይላሉ» አለ እንድሪያስ።

ኸር ኤግሊ በማስተዋል ፈገግ አለ። «እንተወው?»

«በእውነት አንፈልገውም!» አሉ ወይዘሮ ብፅዓት። «ንብ ጥድ ትቀስማለች እንዴ? ማን ያርመዋል?»

«በእውነት አይፈልጉትም» አለ እንድሪያስ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አሁን እውነታቸውን ነው!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ኸር ኤግሊ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ እየመጣ፣ ቁመቱን እያጠፈ፣ እጁን ወደ ደረቱ እየወሰደ።

«እንዳይለው!» ብለው ጮኹ አቶ ከፈለ።

«በሞቴ!» አለ ኸር ኤግሊ።

አቶ ከፈለ የሰውየውን የታጠፈ ወገብ፣ የሚያበራ ፊት፣ ደረቱ ላይ ያረፈውን ትልቅ እጅ አዩ። ከዚያ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። የጥድ ተከላው ከነአራሙቻው ቀይ ስፒል ተተከለበት፤ አለቆቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ተፈረመ።

ፊርማው እንዳለቀ ኸር ኤግሊ ክንዶቹን ዘርግቶ ወደ ካርታው ሌላ ጫፍ ሲሄድ ያዩት አቶ ከፈለ ኮታቸውን አነሱ። በአንድ እጃቸው ወይዘሮ ብፅዓትን፣ በሌላው እንድሪያስን ያዙ።

«በሉ ቶሎ እንውጣ» አሉ ወደ በሩ እየጎተቷቸው። «ይኼ ሰውዬ አገሩን በሙሉ ሳያሸክመን!»